ባል የበዛበት ኩሬ

ልጅ ሆኖ ኩፍኝ ይዞት በተኛበት ክፍል መስኮት ሥር አባቱ ከአንድ እንግዳ ጋር ሲያወሩ ሰምቶ ነበር። እንግዳው ፖስተኛው ይሁን የአባቱ የሥራ ባልደረባ ዛሬ አያስታውስም፤ ትኩሳቱ ወሬውን ግማሽ በግማሽ በልቶበታል።

«ዓሣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ምን ጎደለበት? ይበላል፣ ይሞቀዋል፣ ድመት አይደርስበትም» ይላል እንግዳው።

«መኖሩንማ ይኖራል» ይላሉ አባቱ፣ ሳቃቸው በመስኮቱ እየገባ። «ግን በበጋ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ያልነካው ዓሣ ራሱን ሳያውቅ ነው የሚሞተው።»

እንግዳው የሆነ ነገር መለሰ። አባቱም የሆነ ነገር ጨመሩ። ያ ግን ከትኩሳቱ ጋር አብሮ ሄዷል።

እንግዲህ ያ ልጅ፣ ዛሬ የሊፍት ጠጋኝ ሆኖ አምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በዚያች ግማሽ ወሬ ተነስቶ ነው ዘንድሮ ጓሮውን የቆፈረው። አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ፣ ጥልቀቱ እስከ ወገብ፤ ታቹ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ድንጋይ። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ቆፈረ። ብርዱ ለቆ ሌሊቱም ሞቅ ማለት ሲጀምር ከአባቱ ዓሣዎች ለእሱ የደረሱትን አራቱን ከሳሎኑ መስታወት አውጥቶ ለቀቃቸው። በመጽሐፍ ስማቸው ሲክሊድ ይባላሉ፤ በቤተሰቡ ቋንቋ ግን «የአባባ ሰማያዊዎች» ናቸው።

ዛሬ ቅዳሜ ማለዳ በባዶ እግሩ ወደ ኩሬው ወጣና ጮኸ።

«ወረደ! ኧረ ውሃው ወረደ!»

ሚስቱ የጥርስ ብሩሿን እንደነከሰች ብቅ አለች። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሳምንቱን በሙሉ የታመመ ሰው ስታስተናግድ ስለምትከርም፣ እቤቷ ውስጥ ጤነኛ ሲጮህባት ትዕግሥት የላትም።

«ምኑ ነው የወረደው?»

«ስንዝር ሙሉ! ማታ እዚች ድንጋይ ጫፍ ላይ ነበር። ላስቲኩ ተቀዷል ማለት ነው!»

«እና ጎረቤት ሲሰማ ይሞላል?»

ቀዳዳውን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። ከአጥሩ ግንብ ሥር አፈሩ ረጥቦ ጭቃ ሆኗል፤ በዚያው ትይዩ አንድ ሹል ድንጋይ ተንሸራቶ ላስቲኩን እንደ ቢላዋ ሰንጥቆታል። ማጣበቂያው እቤት አለ። ነገር ግን ማጣበቂያ እርጥብ ነገር አይወድም፤ ከተለጠፈ በኋላም አንድ ቀንና አንድ ሌሊት መድረቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ውሃው መውጣት አለበት። ዓሣዎቹም እንዲሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቀኑ ተበላሸብኝ ብሎ ይነጫነጭ ነበር። የእሱ ልብ ግን ዘለለ።

«ገባሽ?» አላት ቱቦውን ከግድግዳው እያወረደ። «ውሃው ሲያልቅ እኮ ጫጩቶቹን እናያቸዋለን! ዛሬ ይለይለታል!»

«ካሉ ነዋ።»

«አሉ! አንድ ባልና ሦስት ሚስት በሙቅ ውሃ ሁለት ወር ሙሉ ተዘግቶባቸው ምን ሲሠሩ ከረሙ ታዲያ?»

«እኔና አንተን ሃያ ዓመት ተዘግቶብን አይተኸን የለ፤ ስንጨቃጨቅ ነዋ የከረምነው» አለችና አፏን ልትጉመጠመጥ ገባች።

የኩሬው ውሃ ገና በሦስተኛው ሳምንት እንደተወቀጠ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ይህ ለዓሣው መልካም ነው፤ ለባለቤቱ ግን መከራ ነው፤ ጠዋትና ማታ ምግብ ሲበትን ከአራት ጥላ በስተቀር ምንም አያይም። ተንበርክኮ አፍጥጧል፣ በባትሪ አብርቷል፣ በወንፊት ጨልፏል። አንድም ጫጩት አላገኘም። አንዴ ወፍ ነው የሚበላቸው አለ፤ መረብ ዘረጋ። አንዴ የውሃ ተርብ ዕጭ ነው አለ፤ ለቀመ። ማታ ማታ ሲጸልይ፣ ስለ ልጁ ትምህርትና ስለ ሚስቱ ጤና ከለመነ በኋላ፣ ትንሽ እፍር እያለ ስለ ዓሣዎቹም ጣል ያደርጋል። ፈጣሪ ሥራ የሚበዛበት ቢሆንም ትንሿንም ነገር ይሰማል ብሎ ያምናል።

ነገሩ ዝም ብሎ ጉጉት አይደለም። አባቱ ሠላሳ ዓመት ዘሩን ከሌላ ሳይቀላቅሉ ያቆዩአቸው ዓሣዎች ናቸው። አባቱ ሆስፒታል በተኙበት ሳምንት መብራት ጠፍቶ አሮጌዎቹ በብርድ አለቁ። የተረፉት የጣት አንጓ የማያህሉ ስምንት ጫጩቶች ብቻ ነበሩ። አሁን እነሱም ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ እንዲህ ያለ ዓሣ ከዚህ በላይ ቢቆይ ማርጀት እንጂ መውለድ አይሆንለትም። በጋውም ከግማሽ አልፏል። ዘንድሮ ካልወለዱ የአባባ ዘር አለቀ ማለት ነው።

ስምንቱን ከታላቅ እህቱ ጋር እኩል ተካፈሉ። ክፍፍሉ ግን ካካፈላቸው ይልቅ ያለያያቸው ይበልጣል። አባታቸው አርፈው ቤታቸው ሊለቀቅ ሲል፣ ባዶ ሳሎን ውስጥ፣ ሁለቱ በአንድ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር።

«አንተ ምረጥ» አለችው እህቱ።

እሱም ሳያቅማማ ትልልቆቹን አራቱን ጨልፎ ወሰደ። እህቱ የቀሩትን ደቃቆች አየችና ሳቅ አለች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

«አይ ችኩሌ! ከልጅነትህ ጀምሮ ትልቁን ቁራሽ እንዳነሳህ ነው።»

በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር። እሱ ግን ሐዘኑም ነበር፣ ድካሙም ነበር፣ አፉ አመለጠው። «ከአባባ ጋር ውሃ ስቀዳ የኖርኩት እኔ ነኝ። አንቺማ ዓሣ የምታውቂው በሳህን ነው» አላት።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ተኩል አልተነጋገሩም። የሚያገናኛቸው በየሳምንቱ ከእህቱ ጋር በስልክ የምታወጋው ሚስቱ ብቻ ናት። እሷም የምትደውለው ጓሮ ወጥታ ነው፤ የእህቱ ስም እቤት ውስጥ እንዳይነሳ እሱ ራሱ ስለደነገገ።

ውሃው በቱቦው እየተንዶቀዶቀ ወደ ጎረቤት አትክልት ፈሰሰ። በሁለተኛው ሰዓት ድንጋዮቹ ጀርባቸውን አወጡ። በሦስተኛው ውሃው ጉልበት ደረሰ። ሱሪውን ሰብስቦ ገባበት፤ ሚስቱ ነጭ ባልዲ ይዛ ዳር ቆመች።

«አንዱ መጣ! ያዢ! ባልየው፣ ባልየው ነው!»

ዓሣው ነጩ ባልዲ ውስጥ ሲገባ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። መስታወት ውስጥ ሳለ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነበር። አሁን ግን ማለዳ ከዝናብ በኋላ የሚታየው ሰማይ ወርዶ ባልዲ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ የክንፉ ጫፍ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች በርተዋል።

«የኔ ጌታ!» አለች ሚስቱ። «ይኼ ነው እንዴ ሳሎናችን ውስጥ የነበረው?»

«አላልኩሽም? ፀሐይ እኮ ነው! አሁን ሚስቶቹ ይምጡ።»

ሁለተኛውን ያዘ። ሰማያዊ ነው። ያኛው ዘሎ ወደ ኩሬው እንዳልተመለሰ እርግጠኛ ለመሆን ባልዲውን አየ፤ የመጀመሪያው እዚያው አለ። ሦስተኛውን ያዘ። ሰማያዊ ነው። አራተኛው ድንጋይ ሥር ተወሽቆ አስቸገረው፤ በስተመጨረሻ በሁለት እጁ ሰብስቦ ሲያነሳው ከሁሉም በላይ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ከታች በቀረው ጭቃ ውስጥ እየዳሰሰ ቢፈልግ አንድ ጫጩት፣ አንድ ግራጫ ሚስት የለም።

ባልዲው ውስጥ ዓሣዎቹ ወዲያው መናከስ ጀመሩ።

«እኔ የምልህ» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ፣ «ሚስቶቹ የትኞቹ ናቸው?»

እሱ እጁን አፉ ላይ ጫነ። በጠባብ ቦታ ቀለም የሚያወጣው ጉልበተኛው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ወንዶች እንዳይነከሱ ሲሉ ግራጫ ለብሰው ሴት መስለው ይኖራሉ። ይህን አንድ ጊዜ አንብቦት ነበር። ያነበበው ግን በሌላ ሰው ዓሣ ላይ የሚደርስ እንጂ በራሱ ላይ የሚደርስ አልመሰለውም። ኩሬው ሰፋ፤ እያንዳንዱ የራሱን ማዕዘን ያዘ፤ ፈሪው ሁሉ ጀግና ሆነ።

«አራቱም ባሎች ናቸው» አለ።

ሚስቱ የተገለበጠ ሳፋ ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። «ሁለት ወር ሙሉ! ሁለት ወር ሙሉ ‹ዛሬ ሳትወልድ አትቀርም› እያልክ የቀሰቀስከኝ! መረብ የዘረጋኸው ለማን ነው? ለጎረምሳ ማደሪያ ነዋ!»

«አትሳቂ፣ ይጋደላሉ! ለያዪአቸው!»

አንዱን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ፣ አንዱን ሳፋ ውስጥ አደረጉ። ሦስተኛው ትልቁ ድስት ውስጥ ገባ፤ ሚስቱ «ድስቴን?» ብላ ጮኸች እንጂ ክዳኑን ያመጣችው እሷው ናት። አራተኛው፣ ከሁሉ ሰማያዊው፣ ባልዲው ውስጥ ቀረ። ክዳኑን ልትገጥም ስትል እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «እህትህ አንድ ነገር ስትለኝ ነበር። ዓሣዎቿ ዕንቁላል ይጥላሉ፤ በአፋቸው ይይዙታል፤ በአራተኛው ቀን ይውጡታል። ሁሌም በአራተኛው ቀን።»

«ምን አልሽ?»

እነዚህ ዓሣዎች ዕንቁላላቸውን በአፋቸው ይዘው ነው የሚፈለፍሉት፤ እናቲቱ ሃያ አንድ ቀን ያህል እህል ሳትቀምስ፣ አፏን ዘግታ ትከርማለች። ወንድ ያላገኘው ዕንቁላል ግን ሕይወት ስለሌለው ትውጠዋለች።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ስሟ በዚህ ቤት አይነሳ ያለው ማነው? እኔ ነኝ?»

ባዶው ኩሬ ውስጥ ጭቃ ላይ ቆሞ ነገሩ አንድ በአንድ ተገለጠለት። ወንዶቹ ከሴቶቹ ፈጥነው ያድጋሉ። ትልልቆቹን መረጠ ማለት ወንዶቹን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ ማለት ነው። ለእህቱ የተወላት ደቃቆች ሁሉም ሴቶች ናቸው። ሁለት ዓመት ተኩል፣ በከተማው ዳርና ዳር፣ እሱ ባሎች ሰብስቦ ሚስት ሲጠብቅ፣ እሷ ሚስቶች ሰብስባ ልጅ ስትጠብቅ!

«ጫማዬን!» አለ። «ጫማዬ የት አለ?»

«ስልክ ደውልላት መጀመሪያ።»

«በስልክ አታምነኝም። ታየዋለች!»

ማጣበቂያውን ለመለጠፍ ብቻ ትንሽ ቆየ፤ እሱንም ሚስቱ ናት ያቆየችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ላስቲኩን ሳያደርቅ ሊለጥፍ ሲል በፎጣ እጁን መታችው። ከዚያ ባልዲውን አቅፎ ታክሲ አስቆመ።

«ምንድነው የያዝከው?» አለው ባለ ታክሲው በመስታወት እያየ።

«ሙሽራ ነው።»

«እሱስ ይሁን፤ አጃቢው የት አለ?»

«እኔ ነኝ አጃቢው። ጉድጓድ ስታገኝ ቀስ በል።»

«ሙሽራህ ወንበሬ ላይ አንድ ጠብታ ካፈሰሰ ግን ሠርጉ ይሰረዛል።»

መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ። የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ነው።

«ጋሼ፣ ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሟል።»

«ሰው አለበት?»

«ሰው የለበትም። ሶፋ ነው ያለው።»

«ሶፋ ነፍስ የለውም፤ እዚያው ይደር። ሰኞ በጠዋት አወጣዋለሁ።»

«ባለ ሶፋውን ምን ልበለው?»

«መሬት ላይ ይቀመጥ በለው!» ብሎ ዘጋ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው ለሰው እንዲህ መልሶ አያውቅም፤ ባለ ታክሲው ሲስቅ እሱም ሳቀ።

የእህቱ የልብስ ስፌት ሱቅ በር ላይ ሲደርስ ግን ባልዲውን እንዳቀፈ ቆመ። እህቱ አንድ ቀሚስ እንጨት ላይ አልብሳ፣ ከንፈሯ መካከል አምስት ስድስት ስፒል ይዛ ተንበርክካለች። ፀጉሯ ከጎን በኩል ነጭ ሆኗል። መቼ? ቀና ብላ አየችው። ስፒሎቹን አንድ በአንድ መዳፏ ላይ አወጣች፤ ሳትቸኩል።

«ምን እግር ጣለህ?»

«እትዬ... እንደምን ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ሱሪ ልታሳጥር ነው?» አለች እስከ ጉልበቱ ጭቃ የለበሰውን ሱሪ እያየች።

መንገዱን ሁሉ ሲያሰናዳው የመጣው ንግግር ጠፋበት። «ወንዶቹ ሁሉ እኔ ጋ ናቸው» አለ።

«የምን ወንዶች?»

ባልዲውን መሬት አስቀምጦ ክዳኑን አነሳ። እህቱ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች። ሁለት ዓመት ተኩል ግራጫ ዓሣ ብቻ ስታይ የከረመች ሴት፣ የአባቷን ሰማያዊ አየች። የስፌት ሜትሩ ከአንገቷ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«አባባን መሰለ» አለች። ዓሣ ሰው እንደማይመስል ሁለቱም ያውቃሉ፤ ማንም ግን አላረማትም።

«አራቱም እንዲህ ናቸው። ትልልቆቹን ስመርጥ ወንዶቹን ጠራርጌ ነው የወሰድኩት። የአንቺዎቹ ሁሉም ሴቶች ናቸው። ለዚህ ነው ዕንቁላሉን የሚውጡት።»

ቀና አለች። ፊቷ ላይ ሳቅም ንዴትም ቦታ ፈልገው ሲጋፉ ይታያል። «ዓሣ የማውቀው በሳህን ነው አይደል?»

«አፈር ልብላ እትዬ። ያኔ ምን እንደነካኝ...»

«አፈሩን ተወው። በሩን ዝጋና ና፤ ዓሣው ፀሐይ ላይ ነው።»

ከሱቁ ጀርባ ጠባብ ግቢ አለ። ግንቡን ተደግፎ፣ ከሥሩ ሸራ ተነጥፎለት፣ አሮጌ ነጭ የመታጠቢያ ገንዳ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ውሃ የሞላ በርሜል። ገንዳው ላይ የተዘረጋውን ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ መረብ ሲያይ ቆም አለ። ጠርዙ ዙሪያውን ታጥፎ፣ ላስቲክ ገብቶበት፣ በሁለት መስመር ተሰፍቷል። ለማግባት ወረፋ የያዘች ሙሽራ ቀሚስ እንኳ እንዲህ አይሰፋላትም።

«ውሃውን ማን ይቀይርልሻል?»

«ማን አለኝ? ከቧንቧው በባልዲ እቀዳለሁ፣ በርሜል ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ሲያድር እገለብጣለሁ። ትከሻዬ ነው ያለቀው።» መረቡን ገልጣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ዕንቁላሉን በዋጡ ቁጥር ውሃው ነው እላለሁ። አንዴ ድንጋዩ ነው ብዬ ቀየርኩ። በመጨረሻ ኃጢአቴ ነው አልኩ። ዓሣ አልወልድ አለኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ። «አንድ ሰው።»

አየችው፤ ገባት፤ ፊቷን አዞረች።

እሱ ባልዲውን አንስቶ ወደ ገንዳው ሊገለብጠው ነው። «ቀስ!» ብላ ክንዱን ያዘችው። «የውሃው ሙቀት ይለያያል። ልትገድለው ነው?» ብርጭቆ አመጣች። ከገንዳው አንድ ብርጭቆ ትቀዳና ባልዲው ውስጥ በቀስታ ትጨምራለች፤ ትጠብቃለች፤ ደግማ ትቀዳለች። እሱ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይቀመጣል፣ ሰዓቱን ያያል። ሃያ ብርጭቆ ሲሞላ ነው ባልዲውን አዘንብላ ዓሣው ራሱ እንዲወጣ የፈቀደችለት። በልቡ፣ አባባ እንኳ እንዲህ አይታገሡም ነበር አለ።

ሙሽራው መጀመሪያ ድንጋይ ሥር ተደበቀ። አራቱ ግራጫዎች በሌላው ጫፍ ተኮለኮሉ። ግማሽ ሰዓት ምንም የለም። ሁለቱ ሽማግሌ ሊሆኑ የደረሱ ወንድምና እህት ገንዳው ላይ ጎን ለጎን ተደፉ፤ ፊታቸው በላብ ተጠመቀ።

ከዚያ ዓሣው ወጣ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሄዶ ቆመ። ክንፉን ሁሉ ዘረጋ፤ ሰማያዊነቱ በአንድ ጊዜ የተነፈሱበት ፍም መሰለ፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ እንደ ተመታ ክራር ጅማት ነዘረ።

«እየጠራ ነው» አለ በሹክሹክታ። «እትዬ፣ እየጠራት ነው!»

«ዝም በል።»

ሆዷ ሞላ ያለው አንዷ ከባልንጀሮቿ ተለየች። ትንሽ ቀረበች፤ ሸሸች፤ ደግማ ቀረበች። በድንጋዩ ላይ አንዱ የአንዱን ጅራት እየተከተለ መዞር ጀመሩ። ዞሩ፣ ዞሩ፤ ሆዷን ድንጋዩ ላይ ነካ ስታደርግ የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር ወደቀች። ወዲያው ዞራ በአፏ ለቀመቻት።

«አንድ!» አለ እሱ።

«ሁለት» አለች እህቱ፣ ሳታስበው ክንዱን ጨምድዳ።

«ሦስት! አራት! ኧረ እልል...» ሲል መዳፏን አፉ ላይ ከደነችው። እስከ ሠላሳ ስድስት የቆጠረው በዚያ መዳፍ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ቁጥሩ ተምታታባቸው።

ፀሐዩ ከግንቡ በላይ ሲያልፍ ተጨረሰ። እናቲቱ አገጯ እንደ ትንሽ ከረጢት ተወጥሮ፣ አፏን ዘግታ፣ ከድንጋዩ ጀርባ ተሸሸገች። ባልየው ግን ገና ሙሽራ ነው፤ ተከትሎ ይጠራታል።

«አሁኑኑ እንውሰዳት!» አለ ብድግ ብሎ። «ማጣበቂያው ነገ ይደርቃል፤ እስከ ነገ እኔ ጋ መታጠቢያ ውስጥ ታድራለች፤ ኩሬው ሰፊ ነው፣ ይኼ ገንዳ ለእሷ...» እጁ እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ ገብቷል።

«እጅህን አውጣ።»

«እትዬ፣ ስሚኝ...»

«እጅህን አውጣ ነው የምልህ። አፏ የሞላ እናት ከደነገጠች ትተፋዋለች። ባለፈው አንዷን ወደ ባልዲ ሳዞራት ሁሉንም ነው ዘርግፋ የጣለችው። ይቺ የትም አትሄድም።»

እጁን አወጣ። ውሃው ከክርኑ ተንጠባጠበ። ሊከራከር አፉን ከፍቶ ነበር፤ እሷ ግን ቀድማ ቀጠለች፤ ፊቷን ወደ ገንዳው እንዳደረገች።

«ባልየውን ውሰደው፤ እዚህ ካደረ ዕረፍት አይሰጣትም። ሦስቱን ሴቶችም ውሰድ። ዛሬ እኔ ጋ ሳፋ ውስጥ ያድራሉ፤ ነገ ኩሬህ ሲሞላ መጥተህ ትወስዳቸዋለህ።»

«ሦስቱን? ለእኔ?»

«ለኩሬው። አራት ጎረምሳ አጉረህ ምን ልትሠራ ነው?»

«እንደገና ብንጣላስ?»

«እንጣላለን፤ አውቅሃለሁ። ዓሣዎቹን ምን አገባቸው?»

እንባው መጣ፤ ላብ ያበሰ መስሎ ጠረገው። እህቱ በሁለት እጇ፣ ውሃውን ሳትረብሽ፣ እንደ ሐር ጨርቅ እያነሳች ሦስቱን ሴቶች ወደ ሳፋ አዞረች፤ ሰማያዊውን ወደ ባልዲው መለሰች። ድንጋዩ ጀርባ ያለችው አልተነቃነቀችም።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለች እጇን በሽርጧ እያደረቀች። «ትከሻዬ እንደነገርኩህ ነው። በየማለዳው፣ ወደ ሥራ ከመሄድህ በፊት፣ መጥተህ ያደረውን ውሃ ከበርሜሉ በቱቦ ታወርድልኛለህ። ባዶውን በርሜል ትሞላለህ።»

«እሱማ ምን አላት! እንዲያውም ፓምፕ እገጥምልሻለሁ፣ አንድ አሮጌ የሊፍት ሞተር...»

«አልጨረስኩም። ቱቦውን በማዕዘኑ በኩል ታስገባለህ። መረቡን አትገልጥም። ሃያ አንድ ቀን አታያትም።»

«አንዴ እንኳ?»

«አንዴም።»

«መትረፏን እንዴት አውቃለሁ? ዕንቁላሉን እንዳልዋጠች? በአራተኛው ቀን ብቻ፣ በአራተኛው ቀን አንዴ በጎን በኩል...»

«እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በአራተኛው ቀን ስገልጥ ነበር» አለች እህቱ። «ምናልባት የሚያስደነግጣት የእኔ ዐይን ይሆናል እያልኩም ብዙ አልቅሻለሁ። በዚህኛው እኔም አላይም። አንተም አታይም። ያለችውን ይዛ ትክረም።»

ገንዳውን አየ። ከድንጋዩ ጀርባ የአንድ ግራጫ ጅራት ጫፍ ብቻ ይታያል፤ በቀስታ ወዲያና ወዲህ ይላል። በዕድሜው የተላከለትን ደብዳቤ መንገድ ላይ ሳይቀድ እቤት ያደረሰበትን ቀን አያስታውስም። የዳቦ ሊጥ ሳይቦካ የሚያየው፣ የሊፍት በር ሳይቆም የሚገፋው እሱ ነው። ሃያ አንድ ማለዳ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ቱቦ ይዞ ቆሞ ሳያይ መመለስ!

«እሺ» አለ።

«እሺ ምን?»

«እሺ፣ በየማለዳው እመጣለሁ። ውሃውን እቀይራለሁ። መረቡን አልገልጥም።»

እህቱ ተመለከተችው። ከዚያ ሱቅ ገብታ ወፍራም ክርና ትልቅ መርፌ ይዛ ተመለሰች፤ ክሩን በጥርሷ በጥሳ በመርፌው ቀዳዳ አስገባች፤ መረቡን መልሳ ዘርግታ፣ የቱቦውን ማዕዘን ብቻ ትታ፣ ጠርዙን ገንዳው ሥር ካለው ሸራ ጋር አገናኝታ መስፋት ጀመረች።

«አላመንሽኝም ማለት ነው?»

«ራሴንም አላመንኩም። በል ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ተንበርክኮ በሁለት እጁ ወጥሮ ያዘላት።